የጓሮ ዓምድ፦ ዛፉን ከመቁረጣችሁ በፊት

ከደረሱን ጥያቄዎች አንዱ የአንዲት እናት ነው። ጨንቻ ያሉት ወንድማቸው የፖሙ ቅጠል ጠቁሮ ስለረገፈባቸው ዛፎቹን ሊቆርጡ ነው አሉ።

እባክዎ ይደውሉላቸውና ያስቁሟቸው። ፖም ጨንቻ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ በሚሲዮናውያን እጅ ነው፤ ዛሬ ከፍሬውም ከችግኙም ሽያጭ የልጆች ደብተር የሚገዛበት ቤት ብዙ ነው። አንድ ዛፍ ተተክቶ ፍሬ እስኪሰጥ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።

የጠቆረው ቅጠል የፖም እከክ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ሻጋታ መጀመሪያ ወይራ መሳይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፤ ፍሬው ላይ ሲወጣ ቆዳው ይሻክርና ይሰነጠቃል። የሚወደው እርጥበት ነው። ቅጠሉ ለሰዓታት ሳይደርቅ ሲቆይ ይይዘዋል፤ ጨንቻ ደግሞ ጉሙንና ዝናቡን ታውቁታላችሁ። ብቻውን ዛፉን አይገድልም፣ በየዓመቱ ቅጠሉን እያራገፈ ግን ያዳክመዋል። ዘሩ የሚከርመው በወደቀው ቅጠል ላይ ነው። እንግዲህ ዋናው ሥራ መጥረጊያ ነው፦ ቅጠሉን ሰብስቦ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ የተጠላለፈውን ቅርንጫፍ አሳስቶ ነፋስ ማስገባት። የሚረጭ መድኃኒት አስቀድሞ ይከላከላል እንጂ የወጣውን ነጠብጣብ አይመልስም።

ቅጠሉ ጥቁር ሳይሆን ዱቄት የተነሰነሰበት ከመሰለ ነገሩ ሌላ ነው። ይኸኛው እርጥብ ቅጠል አይፈልግም፤ የሚከርመውም እምቡጡ ውስጥ ነው። ስለዚህ የነጣውን ጫፍ ቆርጦ በፌስታል አስሮ ማስወገድ ነው።

እዚህ ካርቱም ሙቀቱ ለቱፋህ አይሆንም፤ ሱዳን ውስጥ የሚበቅለው እንደ ጀበል መራ ባለ ደጋ ነው። የነጩ ዱቄት ዘመድ ግን አጠገባችን አለ። ዝርያው ይለያል እንጂ ማንጎ በብርዱ ወራት ሲያብብ አበባውን አንጥቶ ያረግፈዋል፤ ባሚያና ዱባም ላይ ይወጣል።

ለዚህ ለነጩ የድኝ ዱቄት በውኃ በጥብጦ መርጨት ያግዛል፣ መጠኑን ከማሸጊያው አንብቡ። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ግን ድኝ ራሱ ቅጠሉን ያቃጥላል! በካርቱም ፀሐይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ካልሆነ አትሞክሩት፣ በበጋው ጭራሽ ተዉት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 የወጣ የብራዚል ጥናት ለዱባ ዓይነት ተክል 1 እጅ ወተት በ9 እጅ ውኃ ሠርቷል ይላል፤ ወተቱ ከልጅ አፍ የሚነጠቅ ከሆነ ግን ቅጠሉን ቆርጦ መጣል ይበቃል።