ሕጉን ማን አወጣው?

እናንተ ቤት በበዓል ሰሞን ጨዋታ ሲጀመር መጀመሪያ የሚያኮርፈው ማን ነው? እኛ ቤት እኔ ነኝ። በካርታም ሆነ በሉዶ ከተሸነፍኩ «ይሄ ሕግ ደግሞ ከየት መጣ?» ማለቴ አይቀርም። ስለዚህ የዚህ ወር ጽሑፌ የዳኛ ሳይሆን የከሳሽ መሆኑን ከወዲሁ እወቁልኝ።

ባለፈው ገና ዲክሲስ፣ ወላጆቼ ቤት ተሰብስበን ነበር። የአርሲን ደጋ የምታውቁ የታኅሣሥን ብርድ አትረሱትም። ስንዴው ታጭዶ፣ ሰው ሁሉ ከሰል ማንደጃ ዙሪያ የሚኮለኮልበት ጊዜ ነው። በበዓሉ ማግስት ማታ መብራት ጠፋ። ስልኮቻችን አንድ በአንድ ሲዘጉ ከአሜሪካ የመጣው የአሥራ ሦስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ከሻንጣው አንድ ሳጥን አወጣ። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፤ ለሻማ የሚሆን ጨዋታ» አለን።

ጨዋታውን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። አንዱ ተጫዋች ጦረኛ፣ ሌላው አስማተኛ፣ ሌላው ሌባ ይሆናል። አንድ አጫዋች ደግሞ ታሪኩን ይተርካል፦ «ዋሻ ውስጥ ገባችሁ፤ ከፊታችሁ ጭራቅ ተኝቷል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ያሰባችሁት ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ነው።

እማዬ ጥቂት ካዳመጠች በኋላ «እንዴ! እንቆቅልሽ ነው እኮ» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው። በልጅነታችን መልሱ ሲጠፋን «ሀገር ስጠኝ» እንባል አልነበር? እኔ ዲክሲስን ስሰጥ ወንድሜ «አልፈልግም፣ ትንሽ ነው» ይላል። አሰላን ስጨምርለት «እሱማ ትናንት ተሰጥቶኛል» ይላል። የተሰጠ ሀገር በማግስቱ ተመልሶ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። እኛ ያልገዛነውን አገር ስናከፋፍል ያደግን ሰዎች ነን፤ ዋሻና ጭራቅ ብዙም አያስደነግጠንም።

ቅሬታው የጀመረው ጨዋታው ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ነው። አጎቴ ጦረኛ ሆኖ በተኛው ጭራቅ ላይ ሰይፉን መዘዘ፣ ዳይሱን ወረወረ፣ አንድ ወጣለት። ሳተ። «የታወቅህ ጦረኛ ነህ ብለኸኝ የተኛ ልሳት?» ብሎ ልጁን አፈጠጠበት። ልጁ አልደነገጠም፤ ይህ ጨዋታው በተጫወተበት አገር ሁሉ የሚነሳ ቅሬታ ነው አለን። ሂሳቡም ለአጎቴ ይፈርድለታል። ሃያ ፊት ባለው አንድ ዳይስ ላይ አንድ ቁጥር የመውጣት ዕድሉ ከአሥርም ከሃያም ጋር እኩል ነው፤ ከሃያ አንድ ጊዜ። ሁለት የሉዶ ዳይሶችን ወርውራችሁ ብትደምሩ ግን ሰባት ከ36 ስድስት ጊዜ ሲወጣ፣ ሁለት የሚወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እዚያ መካከለኛው ይበዛል። እዚህ ግን ጎበዝም ሰነፍም በዕድል እኩል ይዋረዳሉ።

ሁለተኛው ቅሬታ የእኔ ነበር፤ ተራ መጠበቅ። በሕጉ መሠረት በውጊያ ላይ አንድ ዙር ስድስት ሰከንድ ነው ይባላል። እኛ አምስት ሆነን አንዱን ዙር ለመጨረስ ግማሽ ሻማ አቃጠልን። ይሄኔ አባዬ የድሮውን የሀበሻ ሰንጠረዥ አነሳ። በዚያ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። «ወረራ» በሚባለው ክፍል ሁለቱም ተጫዋቾች እንዳሻቸው፣ በአንድ ጊዜ፣ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ተራ በተራ መሆን የሚጀምረው አንዱ የሌላውን ሲበላ ነው። ለእንደኔ ዓይነት ትዕግሥት የለሽ የተፈጠረ ሕግ ነው።

ሦስተኛው፣ አስማተኛው ከጦረኛው በልጦ መገኘቱ ነው። በዚህ የተናደደው አጎቴ ብቻ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ የደንበኛ ቅሬታ ሳነብ እውላለሁ። አንድ ነገር ለምጃለሁ፤ ሰው የጻፈው ቅሬታና ያስከፋው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። «ዕቃው ዘገየ» የሚለው ሰው ስልክ ሲደውል ማንም ስላላነሳለት ነው የጻፈው። ያን ማታ ይህን ያስታወሰኝ ልጁ ከጨዋታው በፊት ያደረገው ነገር ነው። ገጸ ባሕርያችንን ከመምረጣችን በፊት ሁላችንንም አስቀምጦ ጠይቆን ነበር። ምን ዓይነት ታሪክ ትፈልጋላችሁ? ምን እንዳይነሳ ትፈልጋላችሁ? ካልተስማማን ማን ይወስን? በሕግ ላይ ክርክር ቢነሳ አጫዋቹ ወዲያው ይወስናል፣ መጽሐፉ የሚገለጠው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው ተባባልን። የዚህ ጨዋታ ሰዎች ይህን ስብሰባ «ዜሮኛው ቀን» እንደማለት ይጠሩታል።

አባዬ ሻማውን እያየ ቆየና «ይሄ ነገር ለገበጣ ይሆናል?» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። አባዬና አጎቴ፣ ማለትም የእማዬ ወንድም፣ በየእሑዱ ገበጣ ይጫወቱ ነበር። የእኛ ገበጣ አሥራ ሁለት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት አራት፣ በጠቅላላው 48 ጠጠር ነው። አንድ እሑድ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አጎቴ ከፊቱ የቀሩትን ጠጠሮች ሰበሰበ፤ አንደኛው ወገን ባዶ ሲሆን የቀረው በደጁ ላለበት ሰው ነው ብሎ። አባዬ ደግሞ የቀረው የመጨረሻውን ጠጠር ለጣለ ነው አለ። «ይህን ሕግ አሁን ነው የፈጠሩት» አለው። አጎቴ ጋቢውን አስተካክሎ ወጣ። ስምንት ዓመት ሆነው። ለቅሶ ላይ ይገናኛሉ፣ ሠርግ ላይ ይሳሳማሉ፣ ገበጣው ግን ጓዳ ገባ።

እኛ ልጆቹ የመሬት ወይም የገንዘብ ነገር አለበት ብለን ነበር የምንጠረጥረው። ያን ማታ አጎቴ በጨለማው ውስጥ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረ። «ያንን ሕግ ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። ፈጠርክ ሲሉኝ እኔን አይደለም የሰደቡት።» አያቴ ከዚያ ክርክር ሁለት ወር በፊት ነበር ያረፉት። አባዬ ይህን አላሰበውም ነበር። «እኔንም ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው፤ መንዝ ነው የተማርኩት» አለ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር።

የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ገበጣ ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ ዓይነት አጨዋወት መዝግበዋል። ይህን ስነግራቸው አጎቴ «ከመቶ በላይ?» ብሎ ዞሮ አባዬን አየው። «ታዲያ እኛ በሁለት ነው የተጣላነው?»

በማግስቱ ጠዋት እማዬ ገበጣውን ከጓዳ አውጥታ አቧራውን ጠርጋ በረንዳው ላይ አኖረችው። ልጁ በመካከላቸው ቁጭ ብሎ ደብተር ያዘ። የቀረው ጠጠር ጉዳይ በአምስት ደቂቃ አለቀ፤ አንዱን ጨዋታ በአያቴ ሕግ፣ ቀጣዩን በመንዝ ሕግ። ከዚያ ወደ ቀኝ ነው ወይስ ወደ ግራ የሚዘራው የሚለው ተነሳ። ቡና ሁለተኛው ሲቀዳም ክርክሩ ነበር፤ ምሳ ሲቀርብም ነበር። እስከ ምሳ ድረስ አንድም ጠጠር አልተንቀሳቀሰም። ልጁ ግን ሁለት ገጽ ሞልቶ ነበር፣ አጎቴም «ይህንንም ጻፍ» እያለው ነበር።