የትምህርት መሣሪያ መለኪያው የተማሪው እውቀት ነው

ማንኛውም የሥራ መሣሪያ የሚገመገመው በብልጭታው ሳይሆን በሚሰጠው አገልግሎት ነው። የትምህርት መሣሪያም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። ስለሆነም ስለ ዲጂታል ትምህርት ስናነሣ ጥያቄያችን «ስንት መሣሪያ ተገዛ?» ሳይሆን «ተማሪው በክፍሉ ደረጃ ማወቅ የሚገባውን አወቀ ወይ?» የሚል መሆን አለበት።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ የቀበሌ አዳራሾች ሳይቀሩ መማሪያ ሆነው፣ ትምህርቱ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ሰፊው ሕዝብ ፊደል የቆጠረው በሚገባው ቋንቋ፣ ጠይቆ መልስ ከሚያገኝበት አስተማሪ ፊት ተቀምጦ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ሌላ መንገድ ተሞከረ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» ተሰቅሎ ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስን የመሳሰሉ ትምህርቶች በሳተላይት ይሠራጩ ጀመር። የገጠሩም የከተማውም ተማሪ እኩል ደረጃ ያለው ትምህርት እንዲያገኝ መታሰቡ የሚነቀፍ አይደለም። ችግሩ ያለው በአሠራሩ ላይ ነበር። ሥርጭቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው አልገባኝም ቢል አይቆምም፤ መብራት ሲጠፋ ያመለጠው አይመለስም። መምህሩም በመግቢያና በመዝጊያ ከቀሩለት ጥቂት ደቂቃዎች በቀር የመሣሪያው ተመልካች ሆነ። እኩል ሥርጭት ብቻውን እኩል ትምህርት አለመሆኑ በዚህ ታየ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ወደየቤቱ ተላከ። ስልክና ኢንተርኔት ያለው ሲከታተል፣ የሌለው ወደ ኋላ ቀረ።

ከሁለቱ ተሞክሮዎች የምንጨብጠው ሐቅ አንድ ነው፦ መሣሪያው በመምህሩ እጅና በሁሉም ተማሪ ደጃፍ ካልሆነ ልዩነትን ያሰፋል እንጂ አያጠብም። ዛሬ ቪዲዮን ማቆም፣ መመለስ፣ አስቀምጦም ያለ ኢንተርኔት ማሳየት ይቻላል። ስለዚህ መምህሩ ለዕለቱ ትምህርት የሚበጀውን አጭር ክፍል ይምረጥ፤ እያቆመ ይጠይቅ፤ በሚገባቸው ቋንቋ ያብራራ፤ በመጨረሻም መረዳታቸውን ይፈትን።

የፒያሳና የአካባቢዋ የዕድርና የሠፈር ማኅበራት አባላት፣ ሠራተኞችም ድርሻ አለን። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ተገኝተን በትምህርት ቤታችን ያለው መሣሪያ እየሠራ መሆኑን እንጠይቅ። ስልክ የሌላቸው ልጆች በጋራ የሚያጠኑበት አዳራሽ እንክፈት። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተመረቀውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ልጆቻችን እንዲጠቀሙበት እናበረታታ። ያላንዳች ክትትል የተሰቀለ መስታወት የግድግዳ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ሕዝብ የሚቆጣጠረው ግን የእውቀት መሣሪያ ይሆናል።