የገበያ ወግ፦ በጎረቤት ፊት የቆመ ገዢ

ዛሬ ስለ ገበያ ጎረቤት እንነጋገር።

ጎረቤት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የመንደር ጎረቤት ነው። ከእሱ ጋር ቡና እንጠጣለን። ሁለተኛው የገበያ ጎረቤት ነው። እሱ ከአጠገባችን ተቀምጦ የኛኑ ዓይነት ዕቃ ይሸጣል። እንግዲህ ከእሱ ጋር እንዴት እንኑር?

አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ነው። ስሙ ራሱ የገበያ ቀን ነው። ገበያ ሲቆም ሻጭ ሁሉ ተራ ተራውን ይዞ ይቀመጣል። እህሉ ለብቻ፣ ከብቱ ለብቻ፣ ሸክላው ለብቻ ነው።

አሁን ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ሸክላ ሠሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። አንዷ አሮጊት ናት። ሌላዋ ልጅ እግር ናት። አንዲት ገዢ መጥታ ከአሮጊቷ ፊት ቆመች። ድስት አነሣች። በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው። የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ ይዳፈናል። ደህናው ግን ይጮኻል። ድስቱ ጮኸ።

«ስንት ነው?» አለች።

«100 ብር» አለች አሮጊቷ።

ልጅ እግሯ አላስቻላትም። «እትዬ፣ ወዲህ ይምጡ! እኔ በ90 እሰጥዎታለሁ» ብላ ተጣራች።

አሮጊቷ ተናደደች። «እንግዲያው በ80 ውሰጂው» አለች።

«በ70!» «በ60!» ተባባሉ። በመጨረሻ ድስቱ በ50 ብር ተሸጠ። ገዢዋ እየሳቀች ሄደች።

ዋጋውን ሰው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲያ ከ50 ብር በላይ የሚከፍል ጠፋ። እስቲ እናስላ። 10 ድስት በ100 ብር ሲሸጥ 1000 ብር ነው። በ50 ብር ሲሸጥ 500 ብር ነው። አፈሩ ተቆፍሮ፣ ተወቅጦ፣ ተቦክቶ ነው ድስት የሚሆነው። ከዚያም ይደርቃል፤ በእሳት ይቃጠላል። በጀርባ ታዝሎ ገበያ ይመጣል። የሁለቱም የድካም ዋጋ በግማሽ ወረደ።

ልጅ እግሯ በዚህ አላበቃችም። ሌላ ገዢ ከአሮጊቷ ፊት ሲቆም ጠጋ አለችው። «ከሷ አይግዙ፤ ቡዳ ናት» ብላ አንሾካሾከች። ሰውየው ወዲያና ወዲህ አየ። ሁለቱም ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ከሁለቱም ሳይገዛ ሄደ።

ልብ በሉ! ይህ ስድብ ለአንድ ሰው ብቻ አይቀርም። ሸክላ ሠሪን ሁሉ ይነካል። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውንም በሙያቸው የሚሰድብ ሰው አለ። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ100 ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ ግን ከአንዳንድ ሰው አፍ አልጠፋም። ሙያ ሰውን ቡዳ አያደርግም። ይህ ከንቱ ወሬ ነው። ባለሙያ በባለሙያ ላይ ሲያወራው ደግሞ ነውሩ ይብሳል።

ሌላም ነገር አለ። ገዢ ወደ ሸክላ ተራ የሚመጣው ለምንድን ነው? ብዙ ሸክላ አንድ ቦታ ስለሚያገኝ ነው። ይህንንም ያንንም አይቶ ይመርጣል። በአዲስ አበባ መርካቶም ሸማ የሚፈልግ ሰው ሸማ ተራ ይሄዳል። አንድ ድስት ብቻዋን ገዢ አትጠራም። ጎረቤታችሁ ገዢ ያመጣላችኋል እንጂ አይወስድባችሁም።

እንግዲህ የገበያ ጎረቤት ወግ ይህ ነው፦

1. ገዢ በጎረቤት ፊት ቆሞ ሳለ አትጥሩ። ትቶ ወደ እናንተ ሲመጣ ግን በደስታ ተቀበሉ። ያን ጊዜ መሸጥ ነውር አይደለም።

2. የጎረቤትን ዕቃ አታጥላሉ። «የኔንም እዩልኝ» ማለት ይበቃል።

3. ጎረቤት ለጉዳይ ሲነሣ ዕቃውን ጠብቁለት። ዋጋውን ነግሯችሁ ከሄደ ሽጡለት። ገንዘቡንም ቆጥራችሁ አስረክቡት።

4. አህያችሁን ከሸክላ አጠገብ አትሰሩ። አህያችሁ የሰበረውን እናንተ ክፈሉ።

5. ዝርዝር ብር ሲጠፋ ተበዳደሩ። በዚያው ቀን መልሱ።

6. ዝናብ ሲመጣ ተረዳዱ። ሸማና ባና ቶሎ ይርሳልና አስቀድማችሁ እሱን አንሡ።

በዓመት 52 አርብ አለ። ገዢ መጥቶ ይሄዳል። ጎረቤት ግን በሚቀጥለውም አርብ እዚያው አለ። አበው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ያሉት ለመንደር ብቻ አይደለም።

ልጅ እግሯስ ምን ታድርግ? በሚቀጥለው አርብ ማልዳ ትምጣ። «እማማ፣ ባለፈው አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ» ትበል። አሮጊቷም «እግዜር ይቅር ይበልሽ። በይ ነይ፣ ድስቱን አብረን እንደርድር» ማለቷ አይቀርም።

አንብባችሁ ተወያዩ፦

ሀ. ሁለተኛው ገዢ ከሁለቱም ሳይገዛ የሄደው ለምንድን ነው?

ለ. በእናንተ ገበያ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚረዳው እንዴት ነው?