ጠያቂ ሲበዛ

እናት ወይም አባት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ ሲባል ቤተሰብ ቀድሞ የሚጨነቀው «ቀዶ ሕክምናውን ይችሉት ይሆን?» ብሎ ነው። ተገቢ ጭንቀት ነው። በዛሬው ዓምዳችን የምናነሳው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ አልጋቸው ዳር ከሚቀመጡት መካከል ጉንፋን የያዘው ማነው?

የዳሌ ስብራት የምንለው አብዛኛውን ጊዜ የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ ስብራት ነው። በዕድሜ ለሳሳ አጥንት ምንጣፍ ጠልፎ መጣል ብቻ ይበቃዋል። የተሰበረው እግር አጥሮ ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ፣ እባካችሁ ወጌሻ ከመጥራት ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። እንደ እውነቱ ከሆነ ሰውን ለሞት የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ስብራቱ ራሱ ሳይሆን ተከትሎት የሚመጣው ነው። ሕመሙ በረጅሙ መተንፈስና ማሳል ይከለክላል፤ አክታ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ምግብ ይቀንሳል፤ ደም ሥር ውስጥ ደም ይረጋል። እንዲህ በተዳከመ ሰውነት ላይ የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ሲጨመርበት የአየር ቧንቧው ሽፋን ይጎዳና ለሳንባ ምች በር ይከፈታል። ልብም ተጨማሪ ሸክም ይወድቅበታል።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ከስኮትላንድ የመጣ አንድ ጥናት በግልጽ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ማርችና ኤፕሪል፣ የኮሮና ወረርሽኝ ገና ሲጀምር፣ በ6 ሆስፒታሎች የታከሙ 317 የዳሌ ስብራት ሕሙማን ተጠኑ። 27ቱ ኮቪድ ተገኘባቸው። ቫይረሱ ካልተገኘባቸው ከ100 ሰዎች 92 ያህሉ እስከ 30ኛው ቀን በሕይወት ሲቆዩ፣ ከተገኘባቸው ግን 65 ያህል ብቻ ናቸው። 27 ሰው ጥቂት ነው፤ ቁጥሩን እንደ ቁርጥ ልክ መውሰድ አይገባም። ሆኖም ዕድሜና ሌሎች ሁኔታዎች ከግምት ገብተውም ልዩነቱ አልጠፋም። እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሆስፒታል ሲገቡ የበሽታው ምልክት የታየባቸው ከ27ቱ 7 ብቻ መሆናቸው ነው።

ታዲያ ቫይረስ ከተገኘ ቀዶ ሕክምናው ይዘግይ ማለት ነው? ውሳኔው የሐኪሞቹ ነው፤ ነገር ግን ተኝቶ መቆየትም በራሱ ስለሚጎዳ በተቻለ መጠን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መሠራቱ ይመረጣል። ከተሠራ በኋላም በማግሥቱ ማስነሳት ይጀመራል። እዚህ ላይ ቤተሰብ ይሳሳታል። «ይረፉ፣ አታስቸግሯቸው» እንላለን። አስቸግሯቸው! ቀና ብለው ይቀመጡ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ በድጋፍ ይቁሙ።

ጠያቂን በተመለከተ ደግሞ ወጋችን ይታወቃል። ብርቱካኑና አጥሚቱ ተይዞ ዘመድ ጎረቤቱ ይመጣል፤ ጉንጭ ይሳማል፤ ክፍሉ ይሞላል። መስኮቱ ደግሞ «ንፋስ ይመታቸዋል» ተብሎ ጥርቅም ይላል። መስኮቱን ክፈቱት። በር ላይ ቆማችሁ ሰው መመለስ ካሳፈራችሁ «ሐኪም ከልክሏል» በሉ፤ ሐኪም አይቀየማችሁም። አንድ ሁለት አስታማሚ ተመድበው ሌላው በስልክ ይጠይቅ። ጉንፋን የያዘው፣ የልጅ ልጅም ቢሆን፣ እስኪሻለው ይቆይ። አስታማሚው ራሱ ካሳለ በሌላ ይተካ፤ የሚተካው ከጠፋ ማስክ ያድርግ፣ እጁንም ቶሎ ቶሎ ይታጠብ።

በአረጋውያን ላይ ትኩሳትና ሳል ዘግይተው ሊመጡ፣ ከነጭራሹም ላይመጡ ይችላሉ። ትናንት የልጅ ልጃቸውን በስም የጠሩ እናት ዛሬ ካልለዩት፣ ምግብ እምቢ ካሉ ወይም ትንፋሻቸው ከፈጠነ፣ ሳታድሩ ለሐኪሙ ንገሩ።