ስልኩ አንድ፣ ተቀጥላው ብዙ



በቅርቡ አንድ አባት ወደ ቢሮዬ መጡ። በእጃቸው ከባንክ የተላከ ወረቀት ይዘው ነበር። ገና ተቀምጠው ሳይደላደሉ «ልጄ፣ እኔ የገዛሁት በወር 30 ሸቀል የሚከፈልበት ስልክ ነው። ታዲያ ከሒሳቤ 85 ሸቀል የሚወጣው ስለ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

የግዥውን ውል አስመጥተን አብረን አነበብነው። ስልኩ እንዳሉት በ36 ታሽሉሚም የሚከፈል፣ በወር 30 ሸቀል ነው። ከሥሩ ግን የእጅ ሰዓት 15 ሸቀል፣ የጆሮ ማዳመጫ 10 ሸቀል፣ መሸፈኛና የመስተዋት መከላከያ 5 ሸቀል፣ የጥገና አገልግሎት 25 ሸቀል ተብሎ ተጽፏል። እያንዳንዱን ለብቻው ሲያዩት ትንሽ ነው። በ36 ሲባዛ ግን የስልኩ ዋጋ 1,080 ሸቀል ሲሆን የሁሉም ድምር 3,060 ሸቀል ደረሰ። አባታችን ስልክ ሊገዙ ሄደው ከስልኩ የሚበልጥ ተቀጥላ ገዝተው ተመልሰዋል።

«ማን አስገደደዎት?» አልኳቸው። «ማንም አላስገደደኝም» አሉ። «ሻጩ ከልጄ ጋር በዕብራይስጥ ይነጋገራል። ልጄም ወደ እኔ ዞሮ ‹አባባ፣ ይኼም አለው፣ ያም አለው፣ እሺ ልበል?› ይለኛል። እኔም ልጁ የሚያውቅ መስሎኝ እሺ አልኩ። እሱ ደግሞ እኔ የፈለግሁ መስሎት እሺ አለ።» ልጁ የ14 ዓመት ልጅ ነው። በኋላ ለብቻው ሳነጋግረው አንገቱን ደፍቶ «አባቴ ገንዘብ የለውም ብሎ ሻጩ እንዳያስብ ፈርቼ ነው» አለኝ።

ይህን ስሰማ የራሴ ልጅነት ትዝ አለኝ። እኔም በ11 ዓመቴ ለእናቴ በየቢሮው አስተርጓሚ ነበርኩ። የማላውቀውን ቃል «አላውቀውም» ማለት ያሳፍረኝ ስለ ነበር እየገመትኩ እተረጉም ነበር። ስለዚህ ልጁን ልወቅሰው አልቻልኩም። አባቱም አልወቀሱትም። ነገር ግን ይህ ጉዳይ በእኒህ ቤተሰብ ላይ ብቻ የደረሰ ስላልሆነ፣ በዛሬው ዓምዴ ስልክ ስንገዛ የትኛው ተቀጥላ እንደሚያስፈልግና የትኛው እንደማያስፈልግ ልነግራችሁ ፈለግሁ። ዋናው ምክሬ አንድ ነው፦ ውሳኔው በቤት ይደረግ፤ በሱቅ የሚደረገው መክፈል ብቻ ይሁን።

ከቤት ሳትወጡ

አስቀድማችሁ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይህ ስልክ ለማን ነው፣ ምን ይሠራበታል ብላችሁ ተነጋገሩ። ለአያት የተገዛ ስልክ ድምፁ ከፍ የሚል፣ ፊደሉ ትልቅ ሊሆን የሚችል ቢሆን ይበቃል። ኡልፓን ለሚማር፣ ከኩፓት ሆሊም ቀጠሮ ለሚይዝ፣ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ዘመዶቹ ጋር በዋትሳፕና በኢሞ ለሚነጋገር ሰው መካከለኛ ዋጋ ያለው ስልክ በቂ ነው። በወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጻፉ፦ «ዛሬ የሚያስፈልግ»፣ «ቆይቶ የሚታይ»፣ «የማያስፈልግ»። ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ።

ስልኩንና መስመሩን ደግሞ ለያይታችሁ አስቡ። ከ2013 መጀመሪያ ጀምሮ የስልክ ኩባንያ የመስመሩን ዋጋ ስልኩን ከእርሱ ከመግዛት ጋር እንዲያያይዝ አይፈቀድለትም። ስልኩን ከአንድ ሱቅ፣ መስመሩን ከሌላ ኩባንያ መውሰድ ትችላላችሁ። ቁጥራችሁንም ይዛችሁ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ መዛወር ከ2007 ጀምሮ ይቻላል። መስመሩ ግን በራሳችሁ ስም እንጂ በልጃችሁ ወይም በጎረቤት ስም አይሁን። ባንክና የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚልኩት የምስጢር ቁጥር ወደዚያ ስልክ ነውና የሚመጣው።

ከስልኩ ጋር የሚመረጡ ነገሮች

አንደኛ፣ መረቡ ነው። የመገናኛ ሚኒስቴር የ2ኛውንና የ3ኛውን ትውልድ መረብ ለመዝጋት ስለ ወሰነ፣ አሮጌ ስልክ ወይም ከኢትዮጵያ የመጣ ስልክ ሁሉ እዚህ ያገለግላል ማለት አይደለም። ስልኩ በ4ኛው ትውልድ መረብ ድምፅ ማስተላለፍ መቻል አለበት፤ ይህም «ቮልቲ» ይባላል። ያገለገለ ስልክ የምትገዙ ከሆነ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት «በእናንተ መስመር ቮልቲ ይሠራበታል ወይ?» ብላችሁ የመስመሩን ኩባንያ ጠይቁ። በዚህ ነገር ላይ ገንዘብ መቆጠብ አይጠቅምም፤ የማይደውል ስልክ ስልክ አይደለምና።

ሁለተኛ፣ ማስቀመጫው ማለትም ሜሞሪው ነው። ሻጩ 128 ጊጋ ከሚይዘው ይልቅ 256 የሚይዘውን ውሰዱ ሊላችሁ ይችላል። ብዙ ጊዜ ስልክ የሚሞላው በየዕለቱ ከዘመድ አዝማድ በሚላክ ቪዲዮ ነው። ዋትሳፕ ቪዲዮን በራሱ እንዳያወርድ በማስተካከያው ውስጥ ማዘዝ ይቻላል፤ ይህም ገንዘብ አይጠይቅም። ለተራ አገልግሎት 128 ጊጋ ይበቃል። ይሁን እንጂ አይፎን በኋላ ተጨማሪ ሜሞሪ ካርድ የማይቀበል ስለ ሆነ፣ ብዙ ፎቶግራፍ የምታስቀምጡ ከሆነ ይህን መጀመሪያ ማሰብ ይገባል።

ሦስተኛ፣ አስመጪው ነው። ዋጋው ዝቅ ያለ ስልክ ብዙ ጊዜ «ይቡ ማክቢል» በሚባለው መንገድ፣ ከዋናው አስመጪ ውጭ የገባ ነው። ይህ ሕጋዊ ነው፤ ነገር ግን ሲበላሽ የሚጠግነው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። «አህራዩቱን የሚሰጠው ማን ነው? መጠገኛው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም አጽፉ።

ለብቻቸው የሚሸጡ ዕቃዎች

መሸፈኛና የመስተዋት መከላከያ ዛሬ ከሚያስፈልጉት ውስጥ ናቸው፤ በተለይ ሕፃን ባለበት ቤት። ነገር ግን ከስልኩ ጋር በታሽሉሚም መግዛት ግድ አይደለም። በገበያና በታሃና መርካዚት አካባቢ ባሉ ትንንሽ ሱቆች ዋጋ አነጻጽሩ። የስልኩን ስምና ሞዴል ጽፋችሁ ካልሄዳችሁ ግን ልኩ ያልሆነ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ቻርጀር ከሣጥኑ ውስጥ አለ ብላችሁ አትቁጠሩ። አይፎን ከ2020 ጀምሮ፣ ውድ የሆኑት የሳምሰንግ ስልኮች ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ሽቦውን ብቻ ይዘው ነው የሚመጡት። ሌሎችም ይህንኑ ተከትለዋል። ስለዚህ ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቁ። ቻርጀር ከሌለው አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ቤት ያለውን ተመልከቱ። ከኢትዮጵያ የመጣው ሁለት ክብ እግር ያለው ቻርጀር እዚህ ሶኬት ይገባል፤ በላዩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት ኃይሉም ይስማማዋል። ሽቦው የተላጠ ወይም ሲሠራ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ይጣል።

ፓወር ባንክ በሰላም ጊዜ «ቆይቶ የሚታይ» ነው። እኛ ባለንበት አገር ግን አንድ በቤት ቢኖር፣ ተሞልቶም በማማድ ወይም ወደ መጠለያ በሚወሰደው ቦርሳ ውስጥ ቢቀመጥ መልካም ነው። መብራት በጠፋበት ሰዓት የፒቁድ ሃኦሬፍ ማስጠንቀቂያም ሆነ የልጆቻችን ድምፅ የሚደርሰን በስልክ ነውና። ለቤተሰቡ አንድ ይበቃል።

የጆሮ ማዳመጫና የእጅ ሰዓት አስፈላጊነታቸው እንደ ሰው ይለያያል። በአውቶቡስ ተቀምጦ የኡልፓን ትምህርት ለሚያዳምጥ ሰው በሽቦ የሚሠራው ርካሹ ማዳመጫ ያገለግላል፤ ከስልኩ ቀዳዳ ጋር መግጠሙን ግን እዩ። የእጅ ሰዓቱን ግን ሐኪም ካላዘዘ ወይም ገንዘቡ ካልተረፈ በስተቀር «የማያስፈልግ» በሚለው መስመር ላይ ጻፉት። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ለዚህ ነው።

በየወሩ የሚከፈሉ ነገሮች

ከሁሉ ይበልጥ ልትጠነቀቁ የሚገባው በዓይን በማይታየው ዕቃ ነው፤ እርሱም ወርሃዊ አገልግሎት ነው። ከ400 ሸቀል በላይ የሚያወጣ አዲስ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሕግ የአንድ ዓመት አህራዩት አለው። ይህ አይሸጥላችሁም፤ መብታችሁ ነው። ነገር ግን ስልኩ ወድቆ ቢሰበር ወይም ውኃ ቢገባበት አህራዩቱ አይሸፍንም። የጥገና አገልግሎት ወይም ቢቱአህ የሚሸጡላችሁ ለዚህ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ እስከ መጨረሻው ወር ድረስ ድምሩ ስንት ነው? ስልኩ ሲሰበር እኔ ከኪሴ የምጨምረው ስንት ነው? ቢሰረቅ ወይም ቢጠፋ ይሸፍናል ወይ?

የእኒያ አባት ስልክ 1,080 ሸቀል ነው፤ የጥገናው አገልግሎት በ36 ወር 900 ሸቀል ነው። በዚህ ሒሳብ ሌላ ስልክ ሊገዛ ምን ቀረው? ያንኑ 25 ሸቀል እንደ ዕቁብ በየወሩ ለብቻው ብታስቀምጡት፣ ስልኩ ባይሰበር ገንዘቡ የእናንተው ነው።

«የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በነፃ» የሚባልም አለ። ነፃው የሚያልቅበትን ቀን ጠይቃችሁ በግድግዳ ካሌንደር ላይ ምልክት አድርጉ። ፎቶግራፍ ማስቀመጫ በወር ክፈሉ ካሏችሁም ጉግል 15 ጊጋ፣ አፕል 5 ጊጋ በነፃ እንደሚሰጡ እወቁ። ወደ ውጭ አገር መደወያ ደቂቃ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ «ኢትዮጵያ አለበት ወይ?» ብላችሁ በስም ጠይቁ። «ወደ ውጭ አገር» የሚል ሁሉ ኢትዮጵያን ይጨምራል ማለት አይደለም።

ከገዛችሁ በኋላ ብትጸጸቱ

ከሱቅ የተገዛና ያልተጠቀማችሁበት ዕቃ በአብዛኛው በ14 ቀን ውስጥ ከደረሰኙ ጋር ይመለሳል። ስለዚህ ቃባላውን አትጣሉ፤ ተቀጥላውንም እርግጠኛ ሳትሆኑ ከኤሌክትሪክ ጋር አታገናኙ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ለተገዛ ዕቃ ሕጉ ለአዲስ ገቢዎች ልዩ መብት ሰጥቷል። ቴውዳት ኦሌ ከተቀበላችሁ 5 ዓመት ካልሞላችሁና ሽያጩ ከሻጩ ጋር በተደረገ ንግግር ወይም ጽሑፍ በመላላክ የተፈጸመ ከሆነ፣ ውሉን እስከ 4 ወር ድረስ መሰረዝ ትችላላችሁ። ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላና አካል ጉዳተኞችም ይኸው መብት አላቸው። ሻጩ ለስረዛው ሊቀንስባችሁ የሚችለው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። ለምሳሌ በ1,080 ሸቀል ዕቃ 54 ሸቀል ነው። ዕቃውን ሳታበላሹ መልሱ፤ ስረዛውንም በጽሑፍ አድርጉና ቅጂውን አስቀሩ።

እኒያ አባት የገዙት ከሱቅ ነበር፤ ወደ እኔ ሲመጡም ሁለት ወር አልፏል፤ ሰዓቱም ማዳመጫውም ተከፍተው አገልግለዋል። ስለዚህ ወርሃዊውን የጥገና አገልግሎት ብቻ አስቀረን፤ ከዚያ ወዲያ ሊከፈል የነበረው 850 ሸቀል ተረፈ። የቀሩትን ግን ዛሬም በየወሩ ይከፍላሉ። በሳምንቱ መጥተው ቢሆን ኖሮ የተሻለ ባደረግን ነበር። እናንተ አትዘግዩ።

ስለ ልጆቻችን

ልጅ ለወላጁ ቋንቋ ማስተርጎሙ በረከት ነው። ነገር ግን የቤተሰቡን ገንዘብ እንዲወስን በሱቅ መካከል ማቆም ሸክሙን ያከብድበታል። ልጁ እንዲተረጉም ከፈለጋችሁ ከቤት ሳትወጡ «የምንገዛው ይህን ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር ቢነግርህ አባቴ አይፈልግም በል» ብላችሁ ንገሩት። ያን ጊዜ እምቢ ያለው ልጁ ሳይሆን እናንተ ናችሁ፤ እሱም አያፍርም። ውሉ ረጅም ከሆነ ደግሞ ሳትፈርሙ ወደ ሜጋሼር ወይም ወደ እኛ ይዛችሁ ኑ።

ሦስት የዕብራይስጥ ዓረፍተ ነገሮችንም ራሳችሁ አጥኑ። «አኒ ሮጼ ራክ ኤት ሃማክሺር» ማለት «ስልኩን ብቻ ነው የምፈልገው» ማለት ነው፤ ሴት ስትሆን «አኒ ሮጻ» ትላለች። «ካማ ዜ ሃኮል ቤያሃድ?» ማለት «ሁሉም ባንድ ላይ ስንት ነው?» ማለት ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው «አኒ ኤህሾቭ አል ዜ ባባይት» ነው፤ «ቤት ሄጄ አስብበታለሁ» ማለት ነው።

እኒያ አባት ከቢሮዬ ሲወጡ ይህችን ሦስተኛዋን ደጋግመው እያሉ ነበር የወጡት። በር ላይ የቆመው ልጃቸው አነጋገራቸውን አረመላቸውና ሁለቱም ሳቁ።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ሰላም ሰንብቱ።