የባለቅኔው ሚስት ጥፋቷ ምን ነበር?

የእንግሊዛዊው ባለቅኔ የሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ ትዳር በተነሣ ቁጥር አንድ የተለመደ ፍርድ ይሰማል፤ «ሚስቱ አልተረዳችውም፤ ጭቅጭቋ ቅኔውን አደረቀበት» ይባላል። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበልም። አንባቢ ሆይ፣ ፍርዱ የተሰጠው በአንድ ወገን ምስክር ነውና መዝገቡን እንደገና እንክፈተው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮልሪጅ ሣራ ፍሪከርን በ1795 ብሪስቶል ከተማ አገባት። እሱና ወዳጁ ሮበርት ሳውዚ አሜሪካ ተሻግረን በሰስኩዌሃና ወንዝ ዳር ሀብት የጋራ የሆነበት የእኩልነት መንደር እንቆረቁራለን ብለው ነበር ሁለቱን እኅትማማቾች ያጩት። መንደሩ ሕልም ሆኖ ቀረ። ሣራ ግን ሕልም አልነበረችም፤ ሚስት ሆነች፣ እናት ሆነች።

በ1798 ሁለተኛው ልጃቸው በርክሌይ ገና የወራት ጨቅላ ሳለ፣ ባል ከባለቅኔው ዎርድስወርዝና ከእኅቱ ከዶሮቲ ጋር ጀርመን ሄደ። ሕፃኑ በፌብሩዋሪ 1799 ሞተ። መርዶው ኮልሪጅን በኤፕሪል አገኘው፤ ከቤቱ የገባው ግን በጁላይ ነው። ልጇን ቀብራ ያለ ባል የከረመች ሴት ፊቷ ቢጠቁር ማን ይፈርድባታል? ዓመቱ ሳያልቅ እሱ ሌላይቱን ሣራ፣ ሣራ ሃቺንሰንን ወደደ። በ1804 ወደ ማልታ ተጓዘ፤ በ1806 ሲመለስ ከሚስቱ ለመለየት ቆረጠ።

«በሽተኛ ነበር፤ የኦፒየም ሱስ ይዞት ነበር» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ኦፒየም ያን ጊዜ በየመድኃኒት ቤቱ እንደ ልብ ይሸጥ ነበር። «በዓመት የሚያገኘውን 150 ፓውንድ ድጎማ ለቤተሰቡ ትቶላቸው የለም ወይ?» ይባል ይሆናል። ይህም እውነት ነው፤ በ1812 ግን ድጎማው በግማሽ ተቀነሰ። ሚስቲቱ ቁጡ ነበረች? ትሁን። በሽታው ያሳዝነናል፤ የእሷን ቁጣ ግን ምን እንዳመጣው ሳንጠይቅ እንዴት እንፈርዳለን?

ሦስቱን ልጆች ያሳደገችው እሷ ናት፤ ኬዚክ በሚገኘው ግሬታ ሆል፣ ከእኅቷና ከሳውዚ ጋር ተጠግታ። አባት ሴት ልጁን አሥር ዓመት ያህል አላያትም። ይህችው ልጅ፣ ስሟ እንደ እናቷ ሣራ፣ በ1822 ከላቲን የተረጎመችውን መጽሐፍ አሳተመች፤ አባቷ በ1834 ከሞተ በኋላም ሥራዎቹን አሰናድተው ለአንባቢ ካበቁት አንዷ እሷ ነች። ቅኔውን አደረቀች የተባለችው እናት ያሳደገቻት ልጅ ናት የቅኔውን ቅርስ የጠበቀችው!

ኮልሪጅን ለእኛ የሚያቀርበው «ኩብላ ካን» በተሰኘው ግጥሙ በራእይ ያያት ሐበሻዊት ልጃገረድ ናት። እኔም እወዳታለሁ። ነገር ግን የራእይ ልጃገረድ የዳቦ ገንዘብ አትጠይቅም፤ ልጇ ታሞ ሌሊት አትቀሰቅስም። ሚስትን ከእንዲህ ያለች ልጃገረድ ጋር አወዳድሮ መፍረድ ግፍ ነው።

እሱ በማስታወሻ ደብተሮቹ ከሰሳት፤ ዶሮቲ በደብዳቤዎቿ አቃለለቻት። የሣራ የራሷ ደብዳቤዎች፣ ለቤተሰቡ ወዳጅ ለቶማስ ፑል የጻፈቻቸው፣ በመጽሐፍ የታተሙት በ1934 ነው፤ ባሏ በሞተ በመቶ ዓመቱ። ተከሳሿ ቃሏን ሳትሰጥ መቶ ዓመት ተፈርዶባት ኖረች ማለት ነው። ቅኔውን እናድንቅ፤ ባለቅኔውን ለማክበር ግን ሚስቱን መኰነን ግድ አይደለም።