የት/ቤታችን የአንድ ቀን ጉዞ እንዴት ቢሆን ይሻላል?

በየዓመቱ የፈተና ወራት ከመድረሱ በፊት ት/ቤታችን ለተማሪዎች የአንድ ቀን ጉዞ ያዘጋጃል። ይህ ልማድ መልካም መሆኑን የሚክድ ያለ አይመስለኝም። ከጥቁር ሰሌዳና ከመጽሐፍ ራቅ ብሎ አገርን በዐይን ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነውና፤ መምህራኖቻችንም ሆኑ ወላጆቻችን ይህን በሚገባ ያውቁታል። ስለዚህ እኔ በዚህ ጽሑፍ ልናገር የፈለግሁት ስለ ጉዞው ጥቅም ሳይሆን ስለ አደረጃጀቱ ነው። ሐሳቤ በአጭሩ ይህ ነው፤ ጉዞው ቅርብ ይሁን፤ ዋጋው ሁሉም ሊከፍለው የሚችለው ይሁን፤ በአንድም ቀን በአንድ መንገድ ላይ ያሉትን ሁለት ወይም ሦስት ሥፍራዎች ብቻ እንይ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያለፈው ዓመት ጉዞ ነው። የተመረጠው ላንጋኖ ሐይቅ ነበር። ላንጋኖ ውብ ሐይቅ መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ደርሶ መልሱ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተሰብስበን ረፋድ ላይ ደረስን፤ ምሳ በላን፤ ጥቂቶቹ ዋኙ፤ የቀረነው ፎቶግራፍ ተነሣን፤ 9 ሰዓት ሳይሞላ «ቶሎ ቶሎ ግቡ» ተባለ። ቀኑን ያሳለፍነው አውቶቡስ ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመንገድ ላይ የዝዋይን ሐይቅና የስምጥ ሸለቆውን ሜዳ ስናልፍ እንኳ በመስኮት የተመለከተ ሰው ጥቂት ነበር፤ የሙዚቃው ድምፅ ከጆሮ አልፎ ደረት ይመታ ነበርና።

ይህ ሁሉ ግን ቀላል ነው። ድካም የሌለበት ጉዞ የለም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ከክፍላችን 54 ተማሪዎች መካከል የሄድነው 23 ነበርን። ታመው የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ሌሎቹ የቀሩት ወይ ገንዘቡ ስለ በዛባቸው፣ ወይም ወላጆቻቸው «ሌሊት ወጥታ ሌሊት የምትገባበት ጉዞ ይቅርብኝ» ስላሉ ነው። ገንዘብ የለኝም ብሎ በክፍል ፊት የሚናገር ተማሪ ደግሞ የለም። «የአክስቴ ልጅ ሠርግ አለብኝ» ይላል፤ «ላንጋኖን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ» ይላል። አንድ ጓደኛዬ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች ነግሮኛል፤ ሦስቱንም ሰምቼ ራሴን ነቀነቅሁለት እንጂ አልተከራከርሁትም። ሰኞ ዕለት እኛ የሄድነው በየስልካችን ፎቶግራፍ ስንተያይ እርሱ ደብተሩን ገልጦ የሒሳብ ጥያቄ የሚሠራ ይመስል ነበር። በት/ቤት ስም የሚደረግ ነገር ከክፍሉ እኩሌታ በላይ የሆነውን ትቶ የሚሄድ ከሆነ፣ እኔ የት/ቤት ጉዞ ልለው አልችልም፤ አቅም ያላቸው ልጆች ሽርሽር ነው።

አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ «ቅርብ ቦታ ምን ይታያል? ሁሉንም እናውቀዋለን» ብለው ይከራከሩኛል። ስንቶቻችን እንደምናውቀው ግን ጠይቄ ነበር፤ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ስሙን ነው። አዲስ አበባ በኦሮሚያ ክልል የተከበበች ከተማ ናት። በየትኛውም በር ብንወጣ የምንገባው ወደዚሁ ክልል ነው፤ በየበሩም ፀሐይ ሳትጠልቅ አይቶ ለመመለስ የሚቻል ብዙ ነገር አለ።

ለምሳሌ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚወስደውን መንገድ እንውሰድ። ይህን መንገድ ባለፈው ጥር ከአጎቴ ጋር በሕዝብ ማመላለሻ ሄጄበት ስለማውቀው ሰፋ አድርጌ ልናገር። ከከተማችን 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተሄደ በአዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። ሥፍራው የታወቀው በ1955 ዓ.ም. ገደማ ጄራርድ ዴከር በሚባል ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮንና ባልደረቦቹ ለብዙ ዓመታት ቁፋሮ አካሂደውበታል። የጥንት ሰዎች ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ በዚያ ወንዝ ዳር እንደ ኖሩና ድንጋይ ጠርበው መሣሪያ እንደ ሠሩ ከአፈሩ ውስጥ በተገኘው ሁሉ ታውቋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መልካ ቁንጡሬና በአቅራቢያው ያለው ባልጭት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። የባልጭት ስም እንኳ ራሱ ይናገራል፤ እናቶቻችን ባልጩት የሚሉት እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቀው ጥቁርና ስለታም ድንጋይ ያለው እዚያ ነው።

ሙዚየሙ በአገር ቤት ጎጆ አምሳል የተሠሩ ጥቂት ክብ ቤቶች ናቸው። ትልቅ ነገር ጠብቆ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ ቅር ሊለው ይችላል፤ እኔም በር ላይ ስደርስ «ይህ ብቻ ነውን?» ብዬ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ከቆየን በኋላ ግን አጎቴ ነው እየጎተተ ያስወጣኝ። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ጎምቦሬ በሚባለው ሥፍራ የተገኘው ዱካ ነው። 700,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ባለው አፈር ላይ የአዋቂዎች ብቻ ሳይሆን የትንንሽ ልጆችም እግር ታትሞ ተገኝቷል። በዚያው ሥፍራ ድንጋይ ተጠርቧል፤ ጉማሬም ተበልቷል። ልጆቹ እንግዲህ ታላላቆቻቸው ሲሠሩ አጠገባቸው ሆነው ያዩ ነበር ማለት ነው። የዚያን ዘመን ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርታዊ ጉዞ አላስቀሩም ብል የተከበሩ ወላጆቻችን እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከመልካ ቁንጡሬ ብዙም ሳይርቅ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አዳዲ ማርያም ትገኛለች። ከመሬት በታች ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በአፈ ታሪክም የንጉሥ ላሊበላ ሥራ ናት ይባላል። ላሊበላን ለማየት ገንዘብም ጊዜም ያጣ ተማሪ ሥራው ምን እንደሚመስል በግማሽ ቀን እዚህ ሊያይ ይችላል። ነገር ግን አዳዲ ማርያም ሙዚየም ሳትሆን ዛሬም የሚቀደስባት ቤተ ክርስቲያን ናት። በጾም ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ቀኑን ሳያጠኑ መሄድ በር ላይ ቆሞ መመለስን ያመጣል። አለባበስንም አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ሙስሊም ጓደኞቻችንና ሌሎችም መግባት ባይፈልጉ ከላይ ከአለቱ ጠርዝ ሆነው አሠራሩን ማየት ይችላሉ፤ ማንም ሊያስገድዳቸው አይገባም።

መንገዱ በዚያው ቢቀጥል ጥያ ይደርሳል። ሠይፍ የተቀረጸባቸው የጥያ ትክል ድንጋዮች ከመልካ ቁንጡሬ ብዙ ዘመን ቀድመው በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። ጥያ በአስተዳደር በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ስለሆነች ከኦሮሚያ መውጣታችን ነው፤ መንገዱ ግን ያው አንድ መንገድ ነው። ጊዜ ከተረፈ እሰየው፤ ካልተረፈ ግን ሁለቱን በጥድፊያ አይቶ ሦስተኛውን ከመጨመር ሁለቱን ረጋ ብሎ ማየትን እመርጣለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት የተነሣ አውቶቡስ 3 ሰዓት ሳይሞላ ወንዙ ዳር ይደርሳል፤ ምሳ በዚያው ይበላል፤ ከምሳ በኋላ አዳዲ ተደርሶ 12 ሰዓት ሳይሆን እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ ይገባል።

ሌሎቹን መንገዶች በአጭሩ ልጥቀስ። በምዕራብ በኩል ወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደ ተተከለ ይነገራል፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይታዩበታል። ለእግር ጉዞ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። በምሥራቅ ቢሾፍቱ አለች፤ ሐይቆቿን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ነገር ግን የእሳተ ገሞራ አፍ እንደ ነበሩ አስታውሶ፣ የሆራን ዳር ቆሞ የገደሉን ክብነት የሚመለከት ስንት ነው? ወንጪ እጅግ ያማረ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሏል፤ ግን ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ የላንጋኖው ችግር ይደገማል።

በሰሜን በኩል ደብረ ሊባኖስ አለ። ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ለእኔ የመጨረሻው ወሰን ይህ ነው። ገዳሙ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ግን በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ በመቶዎች የሚቆጠሩ መነኮሳቱና ምእመናኑ የተረሸኑ መሆናቸውን በፈተና ላይ ከመጻፍ አልፎ ሥፍራውን ያየ ተማሪ ጥቂት ነው። ከገዳሙ አቅራቢያ «የፖርቱጋሎች ድልድይ» የሚባል የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ታሪክ ዐዋቂዎች ግን ከፖርቱጋሎች ዘመን ብዙ ቆይቶ የተሠራ ነው ይላሉ። በገደሉ ጫፍ ላይ ደግሞ ከአገራችን በቀር በዱር የማይገኘው ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሣር ሲነጭ ይታያል። ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ባዮሎጂ በአንድ ቦታ ሲገናኙ ይህን ያህል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ወላጆች አይሰሙኝም። በእነዚህ ዓመታት በክልሉ ውስጥ ባሉ አንዳንድ መንገዶች ፀጥታ የጎደለበት ጊዜ እንደ ነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ መርጦ በእርሱ ላይ መድረቅ ልክ አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት መንገዶች አስቀድሞ ተጠንተው ይቀመጡ፤ ጉዞው በሚደረግበት ሳምንት የአካባቢው አስተዳደርና በመንገዱ በየቀኑ የሚመላለሱ ሾፌሮች ይጠየቁ፤ መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ወደ ሌላው መዞር ነው። ቅርብ ጉዞ ለዚህም ይመቻል፤ ሩቅ ቦታ ሆቴልና ምሳ አስቀድሞ ተከፍሎበት ከሆነ ግን አዘጋጆቹ «ምንም አይል» ማለት ይቀናቸዋል።

ስለ ሴቶች እኅቶቻችንም ልናገር። ባለፈው ዓመት ከሄድነው 23 ውስጥ ሴቶቹ ስድስት ብቻ ነበሩ። እናቶች ልጆቻቸውን የሚከለክሉት ጉዞን ስለሚጠሉ አይደለም፤ መመለሻው ሰዓት ስለማይታወቅ ነው። ልጅቷ በቀን ወጥታ በቀን የምትገባ ከሆነ፣ ከእናቶችም ሁለት ሦስት የሚሆኑት በእንግድነት ተጋብዘው አብረው ቢሄዱ፣ እምቢታው በብዙ ይቀንሳል። እናቴን ጠይቄአት «እኔማ ቢጠሩኝ አዳዲ ማርያምን ለመሳለም ስንቁን እኔ እሠራ ነበር» ብላኛለች። ስንቅ ከቤት ከተያዘ ደግሞ ከጉዞው ወጪ ትልቁ ክፍል የሆነው የሆቴል ምሳ ይቀራል።

ገንዘቡንም በአንድ ጊዜ ከመጠየቅ ከጥቅምት ጀምሮ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያሉ በክፍል አለቃው በኩል መሰብሰብ ይቻላል። መዝገቡን አንድ መምህር ይቆጣጠር። እየከፈለ መጨረስ ያቃተው ተማሪ ቢኖር የጎደለውን የክፍሉ ሣጥን ይሙላለት፤ ስሙም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍ። ባለፈው ዓመት ያልከፈሉት ስም ተለጥፎ ማየቴን አልረሳውም።

«ጉዞ እኮ ለመዝናናት ነው፤ ያንተ ግን እንደ ክፍለ ጊዜ ሆነ» የሚሉኝ አሉ። እኔም ዘፈን እወዳለሁ፤ እስክስታም ከማንም አላንስም። ሲመለሱ እስኪነጋ ያህል ቢጨፈር አልቃወምም። ስንሄድ ግን የድምፅ ማጉያው ይዘጋና፣ ለእያንዳንዱ ሥፍራ የተመደቡ ሁለት ተማሪዎች ያነበቡትን በአምስት ደቂቃ ይንገሩን። የታሪክ መምህራችን አስቀድመው አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጡን ደግሞ ሙዚየሙ ውስጥ ስንገባ የምንጠይቀው ጥያቄ ይኖረናል፤ አለዚያ አስጎብኚው ሲናገር ሁላችንም ስልካችንን ወደ ራሳችን አዙረን እንቆማለን።

እኔ ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ስለምጨርስ በሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ላይ አልኖርም። የዓለም ገናውን መንገድ ርቀት፣ የተጓዝንበትን ሰዓትና የከፈልነውን ገንዘብ የጻፍሁበትን ደብተር ለታሪክ ክበብ ሰጥቼአለሁ። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ከክበቡ ጸሐፊ ጠይቀው ሊገለብጡት ይችላሉ፤ የአዳዲን መገንጠያ የሚያሳየው ንድፍ በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው።